የጉጉፍቱ ኩሬ መቼ ይረጋል?

የደሴውን አዳር ብዘለው ደስ ባለኝ፤ ግን 700 ብር ከፍሎ በጃኬት የተኛ ሰው ዝም ማለት አይሆንለትም። «ሙቅ ውሃ አለው» ከተባልኩት ቧንቧ የወረደው ከጦሳ ተራራ አናት የተቀዳ ይመስል ነበር። ጠዋት ተቀባዩን ስጠይቀው «መብራት ጠፍቶ ነው» አለኝ፤ አምፖሉ ከራሱ በላይ ቦግ ብሏል። እኔ የሐዋሳ ልጅ ነኝ፤ ብርድ የሚባለውን ነገር ከሐምሌ ዝናብ አሳልፌ አላውቀውም።

ሐይቅ ከተማ ግን ካሰችኝ። ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበትን የእስጢፋኖስን ገዳም አየሁና ጀልባ ፈለግሁ። አንዱ ጎረምሳ ዓይኑን ሳያሽ «አንድ ሺህ» አለኝ። አጠገቡ ቁጭ ያሉ አዛውንት ሰምተው «አንተ፣ እንግዳ እኮ ነው! ተው እንጂ» ብለው በ300 አስማሙን። ሻይ ልጋብዝዎ ብላቸው እንኳ እምቢ አሉ። ሐዋሳ ላይ ደላላው በመካከል ገብቶ ሃምሳውን ሳይቆርጥ አይሄድም ነበር።

ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ወዳለችው ጉጉፍቱ የወጣሁት እዚያ ፊዚክስ የሚያስተምር ጓደኛዬ ጠርቶኝ ነው። ስለ መንገዱ የማስታውሰው እግሬ ሥር የታሰረውን በግ ብቻ ነው።

ቦታው ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ነው። ጓደኛዬ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የአላስካን ወግ አውርቷል፦ ኔናና በምትባል ከተማ ከ1917 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዎች የታናና ወንዝ በረዶ መቼ እንደሚሰበር ቀኑን፣ ሰዓቱንና ደቂቃውን እየገመቱ ይወራረዳሉ። በረዶው ላይ የእንጨት ማማ ተክለው ከዳር ካለ ሰዓት ጋር ያገናኙታል፤ በረዶው ተሰብሮ ማማውን ሲገፋው ሰዓቱ ይቆማል። ተማሪዎቹ ወሬውን ወደ ሻይ ቤት ይዘውት ወጡ፤ ሻይ ቤቱም ገለበጠው። እዚህ የሚገመተው ከመንደሩ በታች ያለው የከብት ኩሬ መቼ በረዶ ሆኖ እንደሚረጋ ነው።

ማማም ሰዓትም የለም፤ ጠጠር አለ። ጎህ ሲቀድ ዳኛው ኩሬው ዳር ይወርድና ጠጠር ያስቀምጣል፤ ካልሰመጠ ረግቷል። ስምና ቀኑ የተጻፈው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ካርቶን ነው። ብር እናስይዝ ያሉ ነበሩ፤ አንድ ሼህ «ቁማር ሐራም ነው» ብለው ዘጉት። ስለዚህ ሽልማቱ ስም ብቻ ነው፤ ጭቅጭቁ ግን የሚሊዮን ብር ነው። ጠጠሩ ምን ያክላል? ይቀመጣል ወይስ ይወረወራል? በዚህ ላይ ሦስት ስኒ ቡና ተጠጣ፤ በረካው ሲቀዳም አልተስማሙም።

የጓደኛዬን አከራይ «አባባ፣ እርስዎ መቼ አሉ?» ብላቸው ባናቸውን እየሰበሰቡ አዩኝ።

«እኔ? ገብሴ ገና ማሳ ላይ ቆሞ? ውርጭን በስሙ ልጥራው?»

ከዚያ በኋላ ካርቶኑን ደግሜ አነበብኩት። እህሉን ያስገባ ሁሉ የጻፈው የቅርብ ቀን ነው፤ ባቄላው ወይም ገብሱ ያልተነሣለት ደግሞ ጥርን አልፎ ሄዷል። ግምት ነው ብዬ ያየሁት ግማሹ ዱአ ኖሯል።

እኔ የምፈራው ማሳ የለኝም፤ ግን ዕውቀትም የለኝም። ጓደኛዬ አስረዳኝ፦ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ሲጠፋ መሬት ሙቀቷን ሌሊቱን ሙሉ ትለቃለች፤ ቀዝቃዛው አየር ስለሚከብድ ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል፤ ኩሬው ያለውም እዚያው ነው፣ ጥልቀትም የለው። «የሐይቅ ከተማው ሐይቅስ?» ስለው ሳቀ። እሱ በጣም ዝቅ ያለና ሞቃት ቦታ ላይ ከመሆኑ ሌላ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ውሃ ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ ላዩ ሲቀዘቅዝ እየሰመጠ ከታች ያለው ይወጣል፤ ሁሉም እዚያ ዲግሪ ሳይደርስ ላዩ አይረጋም። ታኅሣሥ 12 ብዬ ጻፍኩ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከዳኛው ጋር ወረድኩ። ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኛል። ሣሩ ላይ አመዳይ ነጥቷል፤ የኩሬው ዳር ስስ ብርጭቆ የመሰለ ነገር ይዟል። ጠጠሩ ተቀመጠ፤ ቀጭ ብሎ ሰመጠ። ዳኛው «አብሽር፣ ቀንህ ገና ነው» አለኝ። አብሽር ያለኝ ለኩሬው ይሁን ለጣቶቼ አልለየሁም። ሐዋሳ ቢሆን ይህን ጊዜ ትኩስ ዓሣ ሾርባ ፍለጋ ላይ ነበርኩ።

ውጤቱን የሰማሁት ቤቴ ገብቼ በስልክ ነው። ታኅሣሥ 9 ረጋ። አከራዩ ገብሳቸውን ከወቁ በኋላ ታኅሣሥ 8 ማታ ሻይ ቤት ገብተው «ነገ» ብለው አስጽፈዋል። ቀደም ብላ 9ን የጻፈች ተማሪ አለች፤ እሷ ዘግይቶ የገባ አይቆጠርም ትላለች፣ እሳቸው ደግሞ ካርቶኑ ላይ የመዝጊያ ቀን የታለ ይላሉ። ጓደኛዬ በደወለልኝ ሰዓት ሼሁ ተጠርተው ገና አልመጡም ነበር።