ደብረ ብርሃን ላለ ቤት ውክልና ሲሰጥ

ባለቤቱ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሆኖ ወንድም ወይም ጎረቤት የሚያከራየው ቤት በደብረ ብርሃንም በሸዋ ሮቢትም የተለመደ ነው። ኪራዩ በወቅቱ እስከገባ ድረስ ወረቀቱን መልሶ የሚያየው የለም። ተከራዩ መክፈል ሲያቆም ግን ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው ውክልናው ላይ በተጻፉት ጥቂት ቃላት ነው።

«ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ» ብቻ የሚል ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው ሥልጣን ጠባብ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2204 መሠረት ተወካዩ ንብረቱን ይጠብቃል፣ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ዕዳ ይከፍላል፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜም ያከራያል። መክሰስ፣ በክስ መልስ መስጠት፣ መታረቅ፣ መሸጥና በዋስትና ማስያዝ ግን በቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃሉ። ስለዚህ ጠቅላላ ውክልና ይዞ ተከራዩን ፍርድ ቤት ያቆመ ሰው፣ ጉዳዩ ገና ሳይሰማ «ለመክሰስ ሥልጣን የለህም» የሚል መቃወሚያ ይጠብቀዋል። ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነ አዲስ ውክልና በኤምባሲ በኩል አስልኮ እስኪያረጋግጥ ድረስ ወራት ይነጉዳሉ፣ ተከራዩም ያለ ኪራይ ይቀመጣል።

በኔ እምነት ውክልናው ቢያንስ ይህን ያህል ሊዘረዝር ይገባል፦ «በደብረ ብርሃን ከተማ፣ በዚህ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥሩ ይህ የሆነውን ቤቴን እንዲያከራይ፣ ኪራይ ተቀብሎ ደረሰኝ እንዲሰጥ፣ ውል እንዲያድስና እንዲያፈርስ፣ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ፣ ክስ እንዲመሠርት፣ መልስ እንዲሰጥ፣ ይግባኝ እንዲል፣ እንዲታረቅ፣ ግብር እንዲከፍል።» የቤት ቁጥሩ ከይዞታ ማረጋገጫው ካርታ ጋር አንድ ይሁን። የባልና ሚስት የጋራ ቤት ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፤ የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለማከራየት እንኳ የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይለይ። ዘመድ በውክልና ሲከራከር አንድ ነው፤ ለብዙ ሰው ቤት በክፍያ የሚያስተዳድር ሰው ግን ሥራው ንግድ ስለሆነ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ያስፈልገዋል። የግል ነጋዴ ከሆነ ለዕዳው በግል ንብረቱ ጭምር ይጠየቃል፤ በ2013ቱ የንግድ ሕግ የመጣው ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ግን የንግዱን ዕዳ ከባለቤቱ የግል ንብረት ይለያል። የንግድ ፈቃድ ቢኖረውም ለሌላ ሰው በክፍያ ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከር የጥብቅና ፈቃድ ያለው ሰው ሥራ ነው።

የኪራይ ውሉን በተመለከተ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይላል። በክልል ከተሞች ተፈጻሚነቱን የሚወስኑት ክልሎች ስለሆኑ ውል ከመፈረም በፊት ከተማ አስተዳደሩን መጠየቅ ነው። አዋጁ በማይደርስበት ቤት ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ውሉ ለአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 30 ቀን፣ ካነሰ 15 ቀን። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ሆኖ ተከራዩ የፈረመበት ቅጂ ይያዝ፤ በቃል የተነገረን ነገር በኋላ ማስረዳት ይከብዳል።

ቁልፍ ሲያስረክቡ የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ንባብ፣ የመስታወትና የቁልፍ ብዛት በአንድ ገጽ ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት። ቆጣሪው በባለቤቱ ስም ስለሆነ ተከራዩ ጥሎት የሚሄደው ውዝፍ የሚቆየው በባለቤቱ ላይ ነው።

ባለቤቱ ሲሞት ውክልናው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ያበቃል። ብዙ ተወካዮች ይህን ሳያውቁ ኪራይ መሰብሰብ ይቀጥላሉ፤ ከዚያ በኋላ ወራሾች በፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው አዲስ ውክልና መስጠት አለባቸው። እስከዚያ የገባው ኪራይ ከነደረሰኙ ለብቻው ባንክ ይቀመጥ።