ትንፋሽ የምቆጥርበት ሰዓት

ልጁ 14 ወሩ ነበር። እናቱ ከሐይቁ ማዶ በጀልባ ተሻግራ ነው ያመጣችው፤ የነጠላዋ ጫፍ ርሷል። ሳል ይዞታል፣ ትኩሳትም አለው። ሳል የያዘው ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የምንሠራው ሥራ ላላየው ሰው ቀላል ይመስላል። ልጁ ሳያለቅስ፣ እናቱ ጭን ላይ እንዳለ፣ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ደረቱን እያዩ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው። ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል፤ የሳንባ ምች ብለን መድኃኒት እንጀምራለን።

እኔ ስቆጥር 44 መጣ።

ካርዱ ላይ ልጽፍ ስል ዓይኔ እጄ ላይ ካለው ሰዓት ሰከንድ ቆጣሪ ላይ ተተከለ። ከ12 ወደ 6 ቁልቁል ሲወርድ ደህና ነው። ከ6 ወደ 12 ሽቅብ ሲወጣ ግን 9 ቁጥር አጠገብ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል፤ አንዴ ይሞክራል፣ ባለበት ይቀራል፣ ደግሞ ይሞክራል፣ ከዚያ ያልፋል። እኔ አንድ ደቂቃ ያልኩት ከደቂቃ በላይ ነበር ማለት ነው። አብራኝ የምትሠራውን ሲስተር ጠርቼ በእሷ ሰዓት እንድትቆጥርልኝ ለመንኳት። 37 አለችኝ። እንደገና ቆጠርን፣ 38 መጣ። እናትየዋን ስለ አመጋገቡና ስለ ፈሳሹ መክረን፣ ምን ምልክት ስታይ ቶሎ እንደምትመለስ ነግረን ሸኘናት። «እግዜር ይስጥሽ እታለም» ብላኝ ልጇን አዝላ ወጣች። እኔ ግን እስከ ማታ ሆዴ ሲረበሽ ዋለ። በዚያ ሰዓት ከዚህ በፊት ስንት ልጅ ቆጥሬ ይሆን?

ሰዓቱ ወርቅ ቅብ ነበር። ከተመረቅሁ በኋላ በመጀመሪያ ደሞዜ፣ በ350 ብር የገዛሁት። ሲያዩት ያምራል፤ የገዛሁትም ስለሚያምር ብቻ ነው። ባሕር ዳር ሚያዝያ ላይ ምን ያህል እንደሚሞቅ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ላቡ፣ በቀን ስንቴ የምንታጠብበት ሳሙና፣ አልኮሉ፣ አንዳንዴም በረኪናው ተጨምሮበት ቅቡ በስምንት ወር ተላጠ። ከሥሩ የወጣው ብረት የእጄን ቆዳ አሳከከኝ። የቆዳ ማሰሪያው ደግሞ ላብ እየጠጣ ሸተተ። ያኔም ቢሆን የልጁ ቀን እስኪመጣ ድረስ ሰዓቱን አልጣልኩትም፤ ይሠራል ብዬ ነበርና።

በማግስቱ ገበያ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ሄድኩ። ጠረጴዛቸው የመስታወት ሳጥን ነው፤ ውስጡ ማሰሪያ፣ የድሮ ሰዓት ገጽ፣ በብልቃጥ የተሞላ ጥቃቅን ብሎን። ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው የጀርባውን ክዳን ከፈቱት።

«ድንጋዩ ደክሟል ልጄ» አሉኝ። «ቆጣሪ ሲወርድ ክብደቱ ራሱ ያግዘዋል። ሲወጣ ግን ክብደቱን ተሸክሞ ነው፤ ድንጋይ ሲደክም መጀመሪያ የሚያቅተው እዚያ ዘጠኝ ላይ ነው።»

ይህን የሚነግረኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ቀጥለው የነገሩኝም ጠቅሞኛል። በድንጋይ በሚሄድ ደህና የኳርትዝ ሞተር በተሠሩ አንዳንድ ሰዓቶች ድንጋዩ ሊያልቅ ሲል ቆጣሪው አንድ አንድ ሰከንድ መሄዱን ትቶ ሁለት ሁለት ወይም አራት አራት እየዘለለ ያስጠነቅቃል፤ እየዘለለም ቢሆን ሰዓቱን አይስትም። ርካሹ ላይ ይህ የለም። ዝም ብሎ ይንቀጠቀጥና ይቆማል።

ያን ሰዓት ትቼ የገዛሁት ሁለተኛው ይባስ ነበር። ካሲዮ ኤፍ 91 ደብሊው የሚባለውን ባለ ቁጥር ሰዓት አብዛኛው ሰው ያውቀዋል፤ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይለወጥ የሚሠራ፣ 21 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ በአንድ ድንጋይ 7 ዓመት ያህል የሚሄድ ነው። ይሄ ነው ብዬ መንገድ ላይ ከአንድ ልጅ ገዛሁ። ሁለት ወር ሳይሞላው በስክሪኑ ውስጥ ጉም ገባ፣ ከዚያ ቁጥሮቹ ግማሽ ግማሻቸው ጠፋ። ለካ ፎርጂድ ነው። የእውነተኛውን በቀኝ በኩል ያለውን ቁልፍ ለ3 ሰከንድ ያህል ተጭነው ቢይዙት በስክሪኑ ላይ የፋብሪካው ስም ይወጣል፤ እኔ ይህን ያወቅሁት ከተበላሸብኝ በኋላ ነው። አሁን አሁን ይህንንም የሚያስመስሉ ፎርጂዶች ስላሉ በእሱ ብቻ አትመኑ። የጀርባው ጽሑፍ ተቀርጾ የተጻፈ ነው ወይስ የተቀባ፣ ቁልፎቹ ሲጫኑ ያንገራግጫሉ ወይ፣ የማሰሪያው ፕላስቲክ ይሸታል ወይ፣ ይህን ሁሉ ማየት ነው።

ኦሪጅናሉም ቢሆን ለእኔ ሥራ አይመችም ነበር። ትንፋሽ ሲቆጠር ዓይን ደረት ላይ ነው፤ ሰዓቱ በዓይን ጥግ ነው የሚታየው። የሚዞር ቆጣሪ በዓይን ጥግ ይታያል፣ የት እንደደረሰ ከአቅጣጫው ይታወቃል። ቁጥር ግን መነበብ አለበት፤ ሲነበብ አንድ ትንፋሽ ያመልጣል። ስለዚህ በሰፊ ገጽ ላይ የሚታይ ሰከንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት ግድ ሆነብኝ።

የአባቴ ሲኮ ፋይቭም ቤት ነበር። አባቴ እስከ ጡረታው ያሰረው ነው፣ ሲያርፍ ለእኔ ደረሰኝ። ድንጋይ የለውም፤ ክንድ ሲወዛወዝ ራሱን ይሞላል። ይህ ዓይነቱ ሰዓት ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ነው። እወደዋለሁ፤ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ድምፁን እሰማዋለሁ። ነገር ግን ጓንት ከማድረጌ በፊት በቀን ብዙ ጊዜ ፈትቼ ኪሴ ውስጥ የምከት ሰው ነኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ካላሰርኩት ሰኞ ጠዋት ቆሞ ይጠብቀኛል። በዚያ ላይ በጥርስና በስፕሪንግ የሚሄድ ሰዓት የሚስተው በቀን በሰከንዶች ሲሆን፣ ኳርትዝ ግን በወር ነው በሰከንዶች የሚስተው። ምክንያቱ ውስጡ ያለችው ትንሽዬ ክሪስታል ናት፤ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፣ ይህን ቁጥር የሰዓቱ ኤሌክትሮኒክስ 15 ጊዜ ለሁለት እየከፈለ በትክክል አንድ ላይ ይደርሳል። ሲኮ በታኅሣሥ 1969 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ሲያወጣ ዋጋው የትንሽ መኪና ያህል ነበር። ዛሬ ያው ሥራ የአንድ ጫማ ዋጋ በማያወጣ ሰዓት ውስጥ አለ። የአባቴን ሰዓት ለበዓልና ለቤተ ክርስቲያን አቆየሁት።

ጂሾክንም አስቤበት ነበር። ኪኩኦ ኢቤ የተባለው የካሲዮ መሐንዲስ አባቱ የሰጠው ሰዓት ወድቆ ሲሰበር አዝኖ ነው የጀመረው ይባላል፤ ከ10 ሜትር ቢወድቅ የማይሰበር፣ የ10 ባር የውኃ ግፊት የሚችል፣ ድንጋዩ 10 ዓመት የሚቆይ ብሎ ተነስቶ፣ 200 ያህል ሙከራ ሠርቶ በ1983 እ.ኤ.አ. አወጣው። ታሪኩ የእኔን አባት አስታወሰኝና ልቤን ነክቶት ነበር። ሰዓቱ ግን ወፍራም ነው፣ የጋዋኔን እጅጌ ይይዘዋል፤ እንደገናም ባለ ቁጥር ነው። ጀልባ የሚነዳው ወንድሜ አስሮታል፣ ለእሱ ሥራ ልክ ነው።

ወንድሜ ነው የውኃውን ነገር ያስተማረኝ። «ጣና በጥልቁ ከ15 ሜትር አያልፍም፤ ሰዓቱ ላይ 30 ሜትር ከተባለ ለምን ውኃ ያስገባል?» ብዬ ጠይቄው ነበር። ሜትሩ የሚጠልቁበት ጥልቀት አይደለም። ፋብሪካው አዲሱን ሰዓት ሳይንቀሳቀስ በዚያ ግፊት ፈትኖታል ማለት ነው። 30 ሜትር የሚለው ለእጅ መታጠብና ለዝናብ ነው፤ 50 ሜትር የሚለው ለዋና ይሆናል፤ በደንብ የሚታመነው ከ100 ሜትር ጀምሮ ነው። ክዳኑን የሚዘጋው የጎማ ቀለበት በሙቀትና በሳሙና ያረጃል። መሙያው ትንሽ ተስቦ ከቀረ ደግሞ 200 ሜትርም ቢባል ዋጋ የለውም። እኔ በክትባት ዘመቻ ወደ ዘጌ በጀልባ ስንሄድ ማዕበሉ እስከ ክርናችን ያረጥበናል፤ ስለዚህ 100 ሜትር ከሚለው በታች ላለመግዛት ቆረጥኩ።

እንግዲህ ስሄድ የምፈልገውን አውቄ ነበር። ሱቁ ውስጥ ሦስት ሰዓት አስወጣሁ። ስልኬ ላይ ሰከንድ መቁጠሪያውን ከፍቼ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ደቂቃ ጎን ለጎን አየሁት፤ በእጄ ቀጥ አድርጌ ይዤ፣ ቆጣሪው ሽቅብ ሲወጣ 9 ላይ ያመነታ እንደሆነ ለማየት። ቆጣሪው መስመሮቹ ላይ ነው የሚያርፈው ወይስ በመሃል? መሙያውን ስስበው ይቆማል ወይ? ባለሱቁ መጀመሪያ ተገረመ፣ በኋላ ግን ወንበር ሰጠኝ። አንዱ ሁለት መስመር መሃል ነበር የሚያርፈው፤ ሰዓቱን አይስትም፣ ግን ለቁጥር ዓይን ያደክማል፣ ተውኩት። የወሰድኩት ካሲዮ ኤምአርደብሊው 200 ኤች ነው፤ 2,800 ብር ከፈልኩ። አካሉም ማሰሪያውም ፕላስቲክ ነው፣ 100 ሜትር ይላል፣ ቀንና ዕለት ያሳያል፣ ቁጥሮቹ ትልልቅ ናቸው።

መስታወቱ ፕላስቲክ በመሆኑ ሰዎች ይንቁታል። እኔ ግን መርጬው ነው። ፕላስቲክ ይጫጫራል፣ ግን አይፈረካከስም፤ የሕፃን አልጋ አጠገብ የመስታወት ስባሪ አልፈልግም። ጭረቱን በጥርስ ሳሙና በጨርቅ ለረጅም ጊዜ ሳሸው አብዛኛው ይጠፋል። ላብም አልኮልም እስካሁን ምንም አላደረጉትም፤ ማታ በሳሙና አጥበዋለሁ፣ በቃ።

አንድ ነገር ግን ጥቂት ቀን አስቸግሮኛል። ሰዓቴን የምሞላው በእኛ አቆጣጠር ነው። ሰዓቱ ደግሞ አጭሩ ዘንግ 12 ላይ በደረሰ ቁጥር ሳይሆን በሁለት ዙር አንዴ ነው ቀኑን የሚለውጠው። ዝም ብዬ ስሞላው ቀኑ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ተለወጠብኝና ተረኛ ባደርኩበት ሌሊት ካርድ ላይ የነገውን ቀን ጻፍኩ። መፍትሔው ቀላል ሆኖ አገኘሁት። መሙያውን እያዞሩ ቀኑ የሚለወጥበትን 12 መፈለግ፤ ያ 12 የንጋቱ ነው ብሎ ከዚያ ወዲህ መሙላት። አሁን ቀኑ የሚለወጠው ጎህ ሲቀድ ነው። ቀኑንም በእኛው አድርጌዋለሁ። ወራችን 30 ስለሆነ ሰዓቱ 31 ሲል በየወሩ መባቻ አንድ ቀን ወደፊት እገፋዋለሁ፤ ጳጉሜን አልፎ መስከረም 1 ሲመጣ እንደገና አስተካክለዋለሁ። ይህን ስታደርጉ ቀን የሚለውጡት ጥርሶች የተያያዙበትን ጊዜ ሽሹ፤ በእኔ አሞላል ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። ያን ጊዜ በግድ ከገፉት ጥርሱ ሊሰበር ይችላል። እኔ ረፋድ ላይ፣ ቡና ሲፈላ ነው የማስተካክለው።

ድንጋዩን ባለፈው ግንቦት ሽማግሌው ለወጡልኝ። ክዳኑን ከመክደናቸው በፊት የጎማውን ቀለበት አውጥተው በጣታቸው ሲሊኮን ቀቡት፣ መልሰው አስተኙት፣ ጫፉ እንዳይቆነጠጥ በማጉያ ዞረው አዩት። ሲጨርሱ ስንት ልክፈል ስላቸው ልጄ ትንሽ ቆዪ አሉና ሰዓቱን ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር አንጠለጠሉት። ሁለታችንም ቆጣሪው 9ን ሲያልፍ አምስት ስድስት ዙር ቆመን አየን።