ፎርት ስቲኪን፦ ጥጡ ከታች፣ ፈንጂው ከላይ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ፣ ሕንድ) ወደብ ላይ የፈነዳችው የእንግሊዝ የጭነት መርከብ ፎርት ስቲኪን ስትነሳ፣ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው በፍንዳታው ከሰማይ የዘነበው ወርቅ ነው። መርከቧን ያጠፋት ግን የጭነት አደራደር ስህተት ነው፤ እሱም ቦምቤይ ከመድረሷ በፊት ካራቺ ላይ ተሠርቶ አልቋል።

መርከቧ የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1942 በካናዳ፣ ፕሪንስ ሩፐርት በተባለ ወደብ ነው። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የሚያሰጥሙትን ሁሉ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ብቻቸውን መተካት ስላቃታቸው፣ የሰንደርላንዱ የቶምሰን ኩባንያ የነደፈው ቀላል የጭነት መርከብ ባሕር ማዶም እንዲሠራ ተደረገ። ካናዳ ሠርታ ለእንግሊዝ አገልግሎት የሰጠቻቸው «ፎርት»፣ ለራሷ ያስቀረቻቸው ደግሞ «ፓርክ» የሚል ስም ነበራቸው።

የፎርት ስቲኪን መጠን 7,142 ግሮስ ቶን ነው። ይህ ቁጥር የውስጥ ስፋቷን እንጂ ክብደቷን አይለካም፤ ይህ ዓይነት መርከብ የሚሸከመው ወደ 10,000 ቶን ይጠጋል። ሞተሩ ባለ ሦስት ሲሊንደር የእንፋሎት ሞተር ሲሆን፣ አንዱ እንፋሎት በከፍተኛ፣ በመካከለኛ፣ በመጨረሻም በዝቅተኛ ግፊት ሦስት ጊዜ ይሠራል። ጉልበቱ 2,500 የፈረስ ጉልበት፣ ፍጥነቱ 11 ኖት (በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር) ገደማ ነው። በዚያን ጊዜም ያረጀ ቴክኖሎጂ ነበር። ሆኖም ተርባይንና ማርሹ ለጦር መርከቦች ይፈለግ ነበር፤ ይህን ሞተር ደግሞ ማንኛውም የመርከብ መካኒክ ያውቀዋል። ምርጫው ትክክል ነበር እላለሁ።

የካቲት 24 ቀን 1944 (እ.ኤ.አ.) ከእንግሊዙ ወደብ በርከንሄድ ስትነሳ 1,395 ቶን ፈንጂና ጥይት፣ ተፈታተው በሣጥን የታሸጉ ስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላኖች፣ በ31 ሣጥን ደግሞ 124 ጡብ ወርቅ ይዛ ነበር። ካራቺ ላይ የተወሰነ ጭነት አራግፋ በምትኩ 8,700 እስር ጥጥ፣ የሞተር ዘይት በበርሜል፣ ጣውላ፣ ቁርጥራጭ ብረት፣ ድኝ፣ ሩዝና የዓሣ ማዳበሪያ ጫነች። ካፒቴኑ ቅር ቢለውም መርከብ እጥረት ባለበት በጦርነት ጊዜ ባዶ ቦታ ይዞ መሄድ አይታሰብም ነበር። በሁለተኛው የጭነት ክፍል ጥጡ ከታች፣ ጥይቱ ከዚያ በላይ ባለው ወለል ላይ ተደረደረ።

የታሰረ ጥጥ ተንኮለኛ ነው። በክሮቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነበልባል ሳያሳይ ከውስጥ እየጤሰ ለሰዓታት ይቆያል፤ ውሃ ሲፈስበትም ላዩ ይርሳል እንጂ ልቡ ጋ አይደርስም። ከዚህ የባሰው ግን ጥጥ መንሳፈፉ ነው። የጭነት ክፍሉ ውሃ በሞላ ቁጥር የሚነደው እስር አብሮ ወደ ላይ ይነሳል። በዚህች መርከብ ላይ ደግሞ ከበላዩ ያለው ጥይት ነው።

ቦምቤይ የደረሰችው ሚያዝያ 12 ነው፤ በቪክቶሪያ ዶክ ታሰረች። አደገኛ ጭነት መያዟን የሚያሳውቀው ቀይ ባንዲራ አልተሰቀለም፤ ፈንጂውን የማራገፉ ሥራም ዘገየ። ሚያዝያ 14 ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ከሁለተኛው ክፍል ጭስ ታየ። ከ900 ቶን በላይ ውሃ ተረጨ፤ ጭሱ ግን የእሳቱን ምንጭ ሸፈነው፣ ውሃውም ውስጥ መፍላት ጀመረ። ካፒቴኑ፣ የእሳት አደጋ አዛዡና የወደቡ ሹማምንት ሁሉ እዚያው ነበሩ። መርከቧን ማስጠም ወይም ከወደቡ ጎትቶ ማውጣት የሚል ሐሳብ ቢኖርም፣ ሁሉንም አዝዞ አንዱን መንገድ የሚያስመርጥ ሰው ጠፋ። ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ በዚህ አለቀ።

9:50 ላይ መርከቧን ለቃችሁ ውጡ ተባለ። 10:06 ላይ መርከቧ ፈንድታ ለሁለት ተከፈለች፤ 12 ኪሎ ሜትር የራቁ መስኮቶች ረገፉ። 10:34 ላይ ሁለተኛው ፍንዳታ ተከተለ። 1,700 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው የሰሜን ሕንድ ከተማ ሺምላ ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች ንዝረቱን መዘገቡት። የሟቾቹ ቁጥር ከ800 እስከ 1,300 ይገመታል፤ 66ቱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው። 13 መርከቦች ጠፉ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን ቶን የሚጠጋውን ፍርስራሽ ለመጥረግ 8,000 ሰው ሰባት ወር ፈጀበት። የጦርነቱ ሳንሱር ጋዜጠኞች ዜናውን እንዲልኩ የፈቀደው በግንቦት ሁለተኛ ሳምንት ነው፤ በጃፓን እጅ የነበረው ሬዲዮ ሳይጎን ግን በፍንዳታው ማግስት በዝርዝር አስተላልፎት ነበር።

አጣሪው ቡድን እሳቱ ከጥጡ ሳይነሳ አልቀረም አለ። ጥጡ ከጥይት በታች መቀመጡን፣ የባንዲራውን አለመሰቀል፣ የማራገፉን መዘግየትና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ዘግይተው መጠራታቸውን ነቀፈ። ብዙ ጸሐፊ የሚዘለው ሌላ ነቀፋም ነበረው፦ መርከቧ ውስጥ የነበረው እንፋሎት መልቀቂያ ሥራ ላይ አልዋለም። የጭነት ክፍሉን አፍ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ እንፋሎት ቢለቀቅበት ኦክስጅኑን ያባርራል፤ ጥጡ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም እሳቱ ይዳከማል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንፋሎት ጥጥ አያንሳፍፍም።