ፋርማኮሎጂን ያለ ሽምደዳ

ፋርማኮሎጂ በተማሪ ዘንድ ስሙ ጥሩ አይደለም። የመድኃኒቱ ዝርዝር አያልቅም። የጎንዮሽ ጉዳቱ ደግሞ ሁሉም ጋ አንድ ይመስላል፦ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ማዞር። ስለዚህ ተማሪው ለፈተና ይሸመድዳል፣ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳል፣ ዎርድ ሲገባ እንደ አዲስ ይጀምራል።

እኔ ይህን ትምህርት ለሁለት ዓይነት ሰዎች አስተምራለሁ። አንደኞቹ ገና በሽተኛ በቅጡ ያላዩ የመጀመሪያ ዲግሪ የሕክምና ተማሪዎች ናቸው። ሌሎቹ በሐኪምነት ሠርተው ለስፔሻሊቲ የተመለሱ ሬዚደንቶች ናቸው። መድኃኒቱ ያው ነው። አስተማሪው ግን ሁለት ሰው መሆን አለበት። ጠዋት የገነባሁትን ከሰዓት በኋላ አፈርሳለሁ ብል ማጋነን አይሆንም። እንዴት እንደሆነ ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ።

ከጀማሪዎቹ ልነሳ። መጀመሪያ ያደረግኩት መቀነስ ነው። ለእያንዳንዱ የመድኃኒት ቤተሰብ አንድ ተወካይ እመርጣለሁ። ለቤታ ብሎከር (የልብን ሥራ የሚያረጋጋ ቤተሰብ) ፕሮፕራኖሎል፣ ለኤሲኢ ኢንሂቢተር (የደም ግፊት መቀነሻ ቤተሰብ) ኢናላፕሪል፣ እንዲህ እያልን እንቀጥላለን። ተማሪው ተወካዩን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ዘመዶቹን በልዩነታቸው ብቻ ይይዛል። ፕሮፕራኖሎልን ያወቀ ሰው ለአቴኖሎል ሁለት ነገር ይበቃዋል፦ በዋናነት የሚሠራው ልብ ላይ ነው፤ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ትምህርቱ ተቃለለ ብለው ያጉረመረሙ ባልደረቦች አልጠፉም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ሲያወጣ የያዘው ወደ 200 ገደማ መድኃኒት ነበር። ለአገር ጤና አገልግሎት መነሻ ይሆናል የተባለው ዝርዝር ያን ያህል ከሆነ፣ ገና ለጀመረ ተማሪ ከዚያ በላይ ማሸከም ምን ይባላል?

ስሌት የሚፈራም ብዙ ነው። ስለዚህ ፎርሙላ ከማሳየቴ በፊት ጠመኔውን ለእነሱ እሰጣለሁ። አንድ መድኃኒት አለ እንበል። ሃፍ ላይፉ፣ ማለትም ሰውነት ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 24 ሰዓት ነው፤ በቀን አንዴ 100 ሚሊግራም ይሰጣል። ዛሬ 100 ገባ። ነገ በዚህ ሰዓት 50 ይቀራል፤ 100 ሲጨመርበት 150 ይሆናል። በማግስቱ 75 ቀርቶ 175፣ ከዚያ 187.5። እየደመሩ ሲሄዱ ቁጥሩ 200 አካባቢ መሬት እንደሚይዝ በዓይናቸው ያያሉ። መጠኑ የሚረጋው "ከአራት እስከ አምስት ሃፍ ላይፍ" በኋላ ነው የሚለውን ሕግ ከዚህ በኋላ ማንም አይሸመድደውም። ቀጥዬ "በሽተኛው ያን ያህል ቀን መጠበቅ ባይችልስ?" እላለሁ። ትንሽ ዝምታ ይሆናል። ከዚያ አንዱ ከኋላ "መጀመሪያውኑ 200 እንስጠው" ይላል። ሎዲንግ ዶዝን ሳላስተምራቸው ደረሱበት።

ዲጎክሲን የተባለውን የልብ መድኃኒት የማመጣው ያኔ ነው። ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው ሃፍ ላይፉ አንድ ቀን ተኩል ገደማ ነው፤ በደም ውስጥ መጠኑ እስኪረጋ ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ትናንት ዶዝ ቀይሮ ዛሬ ደም አስመርምሮ "አልሠራም" ብሎ እንደገና የሚጨምር ሐኪም ምን ዓይነት አደጋ እየደገሰ እንደሆነ ለመረዳት ከሰሌዳው ላይ ካለው ድምር ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋቸውም።

ሽምደዳ የሚበረታው ኦቶኖሚክ ነርቮች (ልብን፣ አንጀትንና ዕጢዎችን ያለ ፈቃዳችን የሚያዙ ነርቮች) ላይ ነው። እዚያ ሠንጠረዥ አልሰጥም። የኦቶ ሎዊን የ1921 ሙከራ እተርካለሁ። ሁለት የእንቁራሪት ልቦች አሉ። ሎዊ የመጀመሪያውን ልብ ቫገስ ነርቭ (ወደ ልብ የሚሄድ ነርቭ) ሲያነቃቃ ምቱ ዘገየ። በልቡ ዙሪያ የነበረውን ፈሳሽ ወስዶ ለሁለተኛው ልብ ሲሰጥ፣ ነርቩን ማንም ያልነካው ያ ልብም ዘገየ። እዚህ ላይ ትረካዬን አቆማለሁ። "ነርቩ የሆነ ኬሚካል ለቋል" የሚለው ከአፋቸው እስኪወጣ ዝም ነው።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ኦርጋኖፎስፌት መርዝ (ለተባይ ማጥፊያ የሚውል) እንሻገራለን። ያንን ኬሚካል፣ ማለትም አሴቲልኮሊንን፣ የሚያፈርሰው ኢንዛይም ከታገደ ሰውየው ምን ይሆናል? ራሳቸው ይደረድሩታል፦ ምራቅ፣ እንባ፣ ላብ፣ የጠበበ የዓይን ብሌን፣ የዘገየ የልብ ምት፣ በፈሳሽ የተሞላ ሳንባ። መድኃኒቱ አትሮፒን መሆኑንም አያጡትም። የሚከብዳቸው የት እንደሚቆም ነው። ዋናው ምልክት የሳንባው መጥራት ነው፤ የልብ ምት ስለፈጠነ ብቻ አትሮፒን አይቆምም። የጡንቻ ድካሙን ደግሞ አትሮፒን አይነካውም፤ የዚያ ሪሴፕተር (ኬሚካሉ የሚያርፍበት ቦታ) ሌላ ነውና። ይህንን አንዴ በራሱ ጭንቅላት ያወጣ ተማሪ ከዓመት በኋላ ድንገተኛ ክፍል ውስጥም አይጠፋውም።

እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ የሚያበቃው ማዘዣ በመጻፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው የመድኃኒት አስተዛዘዝ መመሪያ ጥሩ መሰላል ይሰጣል፦ ችግሩን ለይ፣ ግብህን ወስን፣ የመረጥከው ሕክምና ለዚህ ሰው መስማማቱን አረጋግጥ፣ ጀምር፣ ለበሽተኛው አስረዳ፣ ተከታተል ወይም አቁም። ተማሪዎቼ የመጀመሪያዎቹን አራቱን ቶሎ ይለምዳሉ። "አቁም" የሚለው ላይ ግን ሁሌም ባዶ ነው። ስለዚህ መቼ እንደሚቆም ወይም መቼ እንደሚገመገም ያልተጻፈበት ማዘዣ ሙሉ ነጥብ አያገኝም። አጻጻፍ ላይም ክርር እላለሁ። 0.5 እንጂ ነጥብ 5 ብቻ አይጻፍም። 5 ካልን ደግሞ 5.0 የለም። ነጥቧ ከደበዘዘች ዶዙ አሥር እጥፍ ነው። ለሪህማቶይድ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ በሽታ) የሚሰጥ ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንዴ ነው፤ ቀኑ በስም ይጻፋል። በየቀኑ ተወስዶ ሰው የገደለ መድኃኒት ነውና እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ወደ ሬዚደንቶቹ ስሄድ ይህ ሁሉ አይሠራም። ሌክቸር ስጀምር ስልካቸውን ያወጣሉ፤ አልፈርድባቸውም፣ ብዙዎቹ ከአዳር ነው የሚመጡት። ደግሞም ልምድ አላቸው። ችግራቸው አለማወቅ አይደለም። አሠራሩ የገባቸው መድኃኒት ሁሉ በሽተኛውን የሚጠቅም ይመስላቸዋል። ይህን ያስተማርናቸው ደግሞ እኛው ነን።

ስለዚህ ድምፅ አሰጣቸዋለሁ። የልብ ድካም ሳይሆን የልብ ጡንቻ መሞት፣ ማለትም ኢንፋርክሽን ያጋጠመው ሰው አለ። ልቡ ትርፍ ምት ያበዛል። ትርፍ ምት ያለበት ሰው የመሞት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ፍሌካይናይድ ትርፍ ምቱን ያጠፋል። ትሰጣላችሁ? አብዛኛው እጅ ይወጣል። ከዚያ ካስት የተባለውን ጥናት አወጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 ይፋ በሆነው ውጤት፣ ፍሌካይናይድና ኢንካይናይድ የወሰዱት ሰዎች ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ) ከወሰዱት ይልቅ በብዛት ነበር የሞቱት። ኢሲጂው (የልብ ምት ቀረጻው) ተሻሽሏል ብዬ ብቀልድ የሚስቅ የለም።

ወዲያው ተቃራኒውን አመጣለሁ። ቤታ ብሎከር የልብን የመኮማተር ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ለልብ ድካም የተከለከለ ነው ሲባል ለረጅም ጊዜ ተኖሯል። አሠራሩን ላወቀ ሰው ክልከላው አሳማኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ግን ሲቢስ ሁለት የተባለው ጥናት ታተመ። ፕላሴቦ ከወሰዱት 17.3 በመቶ ሲሞቱ፣ ቢሶፕሮሎል ከወሰዱት የሞቱት 11.8 በመቶ ነበሩ። እዚሁ ላይ ቁጥር ማንበብንም እንለማመዳለን። "ሞትን በአንድ ሦስተኛ ቀነሰ" ማለት ይቻላል። "ከ18 ታካሚ አንድ ሰው አተረፈ" ማለትም ይቻላል። ሁለቱም እውነት ነው። የመድኃኒት አስተዋዋቂው የትኛውን ይዞ እንደሚመጣ ሬዚደንቶቹ ሳይነገራቸው ይስቃሉ።

ሌላው የምወደው ልምምድ መቀነስ ነው። ስምና መለያው የተሸፈነ እውነተኛ ቻርት ይዘው ይመጣሉ። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ የትኛውን መድኃኒት ታወጣላችሁ? መጨመር ሁሉም ይችልበታል። እዚህ ላይ የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲንና ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን አብረው ሲገኙ ደስ ይለኛል። ሪፋምፒሲን የጉበት ኢንዛይሞችን ስለሚያበዛ የዋርፋሪን ጉልበት ይቀንሳል፤ ዶዙም ይጨመራል። ይህንን ሁሉም ያውቃል። ሪፋምፒሲኑ ካለቀ በኋላ ኢንዛይሞቹ በሳምንታት ውስጥ ወደ ቦታቸው እንደሚመለሱና ያ የተጨመረ ዶዝ ሰውየውን ሊያደማው እንደሚችል የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ስለ ፈተና ብዙ አልልም። የመድኃኒት መመሪያ መጽሐፍ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። መጀመሪያ ደስ ይላቸዋል። ጥያቄውን ሲያዩ ደስታቸው ይቀዘቅዛል፣ ምክንያቱም መጽሐፉ ዶዝ ይነግራል እንጂ ይህ ሰው መድኃኒቱ ያስፈልገው እንደሆነ አይነግርም። ለሚያርመው መምህር ግን ፍዳ ነው። የምርጫ ጥያቄን ያህል በፍጥነት አይታረም።

አሁን አሁን ሁለቱን ቡድኖች አንዳንዴ በአንድ ክፍል አስቀምጣለሁ። ጀማሪው መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል፤ ሬዚደንቱ ደግሞ "ታዲያ ለማን ነው የጠቀመው?" ብሎ ይጠይቃል። ጀማሪዎቹ አንዳንዴ የማይጠበቅ ጥያቄ ጠይቀው ትልልቆቹን አፍ ያስይዛሉ። ለዚህ የምመርጠው ጉዳይ አንድ መልስ ብቻ ያለው መሆን የለበትም። ለምሳሌ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የልብ ምት መዛባት) ያለባቸው፣ ኩላሊታቸው የደከመ፣ በቅርቡ ወድቀው የነበሩ አዛውንት፦ ደም ማቅጠኛ ይጀምሩ ወይስ አይጀምሩ? ከጀመሩስ የትኛውን፣ በምን ያህል ዶዝ? ይህንን መሞከር የሚፈልግ መምህር ካለ ሁለት ሰዓት ይያዝ። በአንድ ሰዓት ክርክሩ ገና መሟሟቁ ነው።