ሥጋ የሌለበት የቅዳሜ እራት

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሰርግ ሲደገስ ወጥ ቤቱ ሁለት ነው። የሙስሊሙ እርድ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ። ድስቱም ጭልፋውም ይለያል። ማንም አይቀየምበትም፤ እንዲያውም ደጋሹ ለእንግዳው ያለውን ክብር የሚያሳይበት ነው። ከምግቡ በኋላ ቡናው ላይ፣ ጨዋታው ላይ እንደገና እንቀላቀላለን። ሥርዓቱን አከብረዋለሁ፤ ያደግኩበት ነው። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ነገር ያምረኝ ነበር። ከምወዳቸው ሰዎች ጋር ከዋናው ገበታ፣ ከአንድ ሳህን መብላት።

ትናንት ማታ ሆነ።

ቦታው ከዚራ ነው፤ ዛፍ ያለበት ግቢ ውስጥ ያለች ትንሽ የቻይና ምግብ ቤት። ጠረጴዛዎቹ ውጭ ናቸው። በድሬ ሙቀት ቤት ውስጥ ተዘግቶ እራት መብላት ለማን ይመቻል? ፀሐይ ስትጠልቅ ነፋሻው ሲመጣ ነው የምግብ ፍላጎት የሚከፈተው። እኔና ባለቤቴ ነበርን፤ የልጅነት ጓደኛዬ ከነሚስቱ፣ እናቱም አብረውን። እናቱን ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» ነው የሚላቸው። እኔም ልጃቸው ነኝ።

አዴ ሳይቀመጡ አስተናጋጇን ጠሩ። «ልጄ፣ እዚህ ቤት አሳማ ይገባል?» አሉ። አይገባም አለች። እኔም እፎይ አልኩ፤ ኦርቶዶክሱም እኮ አሳማ አይበላም። ጓደኛዬ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበውን ጠየቀ። ቻይናዎች ሥጋና ዓሣ ሲሠሩ ሽታውን እንዲያጠፋላቸው የሩዝ ወይን ጠብ ያደርጉበታል። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር መስመር ሲሠራ ከእነሱ ጋር ስለሠራ ያውቃል። ልጅቷ ገብታ ጠይቃ ተመለሰች። «ያለ እሱ ይሠራላችኋል፤ መጥበሻውም ለብቻ ነው» አለች። አዴ ያኔ ወንበር ሳቡ።

ሥጋ ሙሉ በሙሉ ተውን። እንቁላል የገባበት ሩዝ፣ ደበርጃን፣ ቶፉ፣ አንድ ሙሉ ዓሣ አዘዝን። ዓሣው ነው የገላገለን። ሙስሊሙ ዘንድ ዓሣ መታረድ አያስፈልገውም። ክርስቲያኑም ማን አጠመደው ብሎ አይጠይቅም። ሁለታችንም ያለ ጥያቄ እጃችንን የምንሰድበት ምግብ ነው።

ተነስቼ ወጥ ቤቱን በመስኮት አየሁት። እሳቱ ያስፈራል። መጥበሻው ጎድጓዳ ነው፤ ሰውየው በአንድ እጁ እያንገላታው በሌላው ያማስላል። ዝንጅብሉም ነጭ ሽንኩርቱም የኛው ናቸው። አሠራሩ ግን ሌላ ነው። የኛ ወጥ ሽንኩርቱ ቀስ ብሎ እስኪበስል ሰው ያስጠብቃል። እነሱ መቁረጡን ቀድመው ይጨርሱታል፤ እሳት ላይ ያለው ሥራ የደቂቃዎች ነው።

ድሬ ደግሞ በሩዝ አትታማም። አዴ በማንኪያ አነሱት፣ አዩት፣ «አልተጣበቀም» አሉ። ከእሳቸው አፍ ትልቅ ምስጋና ነው። ምስጢሩ ሩዙ ቀደም ብሎ ተቀቅሎ መቀዝቀዙ ነው። የቀዘቀዘ ሩዝ ይደርቃል፣ ሲጠበስም ፍሬ ፍሬው ይለያል።

ቶፉውን ሲያዩ «ዓይብ ነው?» አሉ። እውነትም ዓይብ ነው የሚመስለው፤ አሠራሩም ይቀርበዋል። አኩሪ አተር ተዘፍዝፎ ይፈጫል፣ ወተቱ ይጨመቃል፣ ይፈላል፣ እንዲረጋ ይደረጋል፣ ከዚያ ተጭኖ ውሃው ይወጣለታል። የእንስሳ ነገር የለበትም። ባለቤቴ ወዲያው ሁዳዴን አሰበች። 55 ቀን ሽሮና ምስር ለሚፈራረቅበት ቤት ትልቅ ነገር ነው። አኩሪ አተር እኮ ምዕራብ ኢትዮጵያ ይመረታል። ቶፉ በየገበያው ቢሸጥ ምን ነበር?

እንግዳ ምግብ ለድሬ አዲስ አይደለም። ከተማዋ ራሷ በ1902 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከባቡሩ ጋር የተወለደች ናት። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ የመኑ ሁሉ የየራሱን ድስት ይዞ መጥቶባታል። ከሕንድ እስከ ዐረብ አገር የሚበላው ሳምቡሳ እዚህ የኛ ሆኗል፤ በረመዳን ያለ እሱ ማፍጠር አይሞላም። ቻይናዎቹም በባቡር መጡ፤ በአዲሱ። የነሱም ምግብ አንድ ቀን «የድሬ ምግብ» ቢባል አይገርመኝም።

የመብያ እንጨቶቹን ማንም አልነካቸውም። ሳህኖቹ መሐል ተቀመጡ፣ ሁሉም ከመሐል አነሳ። አዴ ዓሣውን አጥንቱን ለቀሙና «ና» አሉኝ። ጎረስኩ። በልጅነቴ በኢድ ቀን ከእጃቸው የምጎርሰው ጣፋጩን፣ ሐልዋና ሙሸበክ ነበር። የሥጋው ሳህን እኔ ጋ ሲደርስ ይዘላል፤ እሳቸውም የኔን እምነት አክብረው ነው። ትናንት ከዋናው ምግብ ነው ያጎረሱኝ። ቀጥለው ባለቤቴን፣ ከዚያ ምራታቸውን። ጓደኛዬ «እኔስ?» እያለ ጮኸ፤ የመጨረሻው እሱ ሆነ።

ሒሳቡ ላይ እንደተለመደው ተጣላን። እኔ «አቦ ተው!» ስል፣ ጓደኛዬ «ወላሂ አትከፍልም!» ሲል፣ አስተናጋጇ ቆማ ጠበቀችን። በመጨረሻ ሁለታችንም የተሸነፍነው በአዴ ነው። የቀጣዩንም እሳቸው ናቸው የወሰኑት፤ እናቴን ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ። ሁለቱ ስንት ዓመት ቡና ተጣጥተዋል፣ ለቅሶና ሰርግ አብረው ውለዋል። ምሳም እራትም ከአንድ ሳህን በልተው አያውቁም።

እናቴን ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነገርኳት። ደስ አላት፤ ግን ዓሣው አጥንት እንዳይበዛበት አስጠነቀቀችኝ፣ ዓይኗ ደክሟል። ምግብ ቤቱ ደውዬ ለመጪው ቅዳሜ ትልቅ ዓሣ እንዲያስቀምጡልን ተነጋግሬያለሁ። የሩዝ ወይኑንም ነገር ደግሜ አስታውሻቸዋለሁ።