ቀለበት ሲታሰር ጤዛ የለበሰው ሌንስ

ፎቶግራፈሩና ረዳቱ ለሰርጉ የያዙትን ዕቃ ያሳደሩት ባረፉበት የሆቴል ክፍል ውስጥ ነው። ኤሲው 19 ዲግሪ ላይ ተደርጎ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ። ባትሪዎቹ ቻርጅ ይደረጉ ስለነበር ቦርሳው ዚፑ እንደተከፈተ ከኤሲው ሥር ተቀምጧል። በማግስቱ ሥነ ሥርዓቱ የሚካሄደው ደጅ፣ አትክልት ስፍራ ላይ ነው። የደጁ ሙቀት 32 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ። ሙሽሮቹ ሊደርሱ ጥቂት ደቂቃ ሲቀራቸው ሁለቱም ከክፍሉ ወጥተው ቦርሳውን ሣሩ ላይ ከፈቱት።

የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ላይ የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ግራጫ ሆኗል፤ በቬሎው ዙሪያ የብርሃን ጭጋግ ተፈጥሯል። አውቶፎከሱ ወዲያ ወዲህ ይላል እንጂ አይዝም። ፎቶግራፈሩ መጀመሪያ የጠረጠረው ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን የብርሃን መጠን) ነበር፤ አይኤስኦውንና ሸተሩን (የካሜራውን ለብርሃን መንቃትና የብርሃን መዝጊያውን ፍጥነት) እያየ ውድ ጊዜ አባከነ።

«ጋሼ፣ ሌንሱ እኮ አልቦታል!» አለ ረዳቱ።

«ቶሎ ጠረግ አድርግልኝ!»

ተጠረገ። ወዲያው ተመልሶ ለበሰ። እንደገና ተጠረገ፤ እንደገና ለበሰ። በሦስተኛው የማይክሮፋይበር ጨርቁ ራሱ ስለረጠበ ረዳቱ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ አሁን በጤዛው ላይ የላብ ቅባት ተጨመረ። ቀለበት ሊታሰር ነው። ፎቶግራፈሩ 70-200ውን (ትልቁን ዙም ሌንስ) ነቀለና ከዚያው ቦርሳ ውስጥ ያወጣውን የ35 ሚሊሜትር ሌንስ ገጠመ። ነገሩን ያባሰው ይሄ ነው፤ ምክንያቱን እመለስበታለሁ።

የቀለበቱን ፎቶ ያዳነው ማንም ያልቆጠረው ካሜራ ነው። ለመጠባበቂያ የያዙት አሮጌ ቦዲ (የካሜራው አካል)፣ የ50 ሚሊሜትር ሌንስ እንደተገጠመለት፣ ከጠዋት ጀምሮ በመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተረስቶ ነበር። ረዳቱ ሮጦ ሲያመጣው መስታወቱ ንጹህ ነው፤ ጠብታ የሚባል የለበትም። ካሜራ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው ለባትሪውም ለዕቃውም ጥሩ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። የዚያን ቀን ግን ያ ሙቀት ችግሩ የቱ ጋ እንደነበር ቁልጭ አድርጎ አሳየ።

አየር በሞቀ ቁጥር ብዙ ተን ይሸከማል፤ ሲቀዘቅዝ መሸከም ያቃተውን ውኃ ያገኘው ነገር ላይ ያራግፋል። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ የሚያልበው ለዚህ ነው። ማራገፍ የሚጀምርበት ሙቀት የጤዛ ነጥብ ይባላል። 32 ዲግሪ ሙቀትና 75 በመቶ እርጥበት ላለው አየር የጤዛ ነጥቡ 27 ዲግሪ ገደማ ነው። ሌንሱ 19 ዲግሪ ነበር። መስታወቱ 27ን እስኪያልፍ ድረስ በምን ዓይነት ጨርቅ ቢጠረግ ለውጥ የለውም፤ ጨርቅ ውኃውን እንጂ ቅዝቃዜውን አያነሳም።

ለመሞቅ የሚፈጀው ጊዜ በአብዛኛው የሚወሰነው በክብደቱ ነው። 160 ግራም የሚመዝን ትንሽ 50 ሚሊሜትር ቶሎ ይሞቃል። 1.5 ኪሎ የሚጠጋ 70-200 ኤፍ 2.8 (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ አፐርቸሩ፣ ማለትም የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳው፣ ይሰፋል) ግን ብዙ ብረትና ብዙ መስታወት ስላለው ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል። በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ስፖንጁ ሙቀቱ ቶሎ እንዳይደርስ ስለሚከለክል 1 ሰዓት አስቀድሞ ማሰብ ይሻላል።

ወደ ሌንስ ቅየራው ልመለስ። ሌንስ ሲነቀል እርጥቡ አየር በቀጥታ ወደ ሴንሰሩ፣ ምስሉን ወደሚቀበለው ሰሌዳ፣ ይገባል። ብዙዎቹ ሚረርለስ (ውስጣቸው አንጸባራቂ መስታወት የሌላቸው) ካሜራዎች ሲጠፉም ሸተራቸው ክፍት ስለሆነ ሴንሰሩ ፊት ለፊት የተጋለጠ ነው። በ2018 የወጣው ካኖን ኢኦኤስ አር ሲጠፋ ሸተሩን ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ በሌሎችም ላይ ይህ አማራጭ ታይቷል። ይሁንና ሸተር አቧራን ያግዳል እንጂ አየርን አያግድም። በዚያ ሰርግ ላይ ጤዛው ሴንሰሩን የሚሸፍነው መስታወት ላይ አረፈ። ጠብታዎቹ ሲደርቁም የነበረውን አቧራ አጣብቀው ትተው ሄዱ።

በኤፍ 2.8 ሲነሳ ምንም አይታይም ነበር፤ ነጥቦቹ ከሴንሰሩ በላይ ባለው መስታወት ላይ ስለሆኑ አፐርቸሩ ሲከፈት ጥላቸው ይበተናል። ከሰዓት በኋላ ለቤተሰብ ፎቶ ኤፍ 11 ሲደረግ ግን ሰማዩ ላይ ግራጫ ክብ ነጠብጣቦች ወጡ፤ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ፣ በዚያው ቦታ። ካሜራው ስክሪን ላይ ማንም አላያቸውም፤ የታዩት ኮምፒውተር ላይ ነው። ስለዚህ ካሜራ ባላበው ቁጥር ሥራው ከመቀጠሉ በፊት ኤፍ 16 ላይ አድርጎ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ማንሳትና ምስሉን አጉልቶ ማየት ያስፈልጋል። ጭጋግ የለበሱትን ፎቶዎች በላይትሩም ፕሮግራም ዲሃዝ (ጭጋግ መቀነሻ) ጥቁሩን መመለስ ይቻላል፤ የጠፋውን የፀጉርና የጥልፍ ዝርዝር ግን አይመልስም።

«የኔ ካሜራ ዌዘር ሲልድ ነው» (መጋጠሚያዎቹ ውኃ እንዳያስገቡ በላስቲክ የታሸጉ ናቸው) የሚል መከራከሪያ አለ። ላስቲኩ የዝናብ ጠብታን ይከላከላል። ሲዘረጋ የሚረዝም ዙም ሌንስ ግን በተዘረጋ ቁጥር አየር ይስባል፤ ያ አየር ደግሞ ተኑን ይዞ ነው የሚገባው። ላብ የያዘውን ሌንስ ዙም እያደረጉ መሞከር እርጥበቱን ወደ ውስጥ መጋበዝ ነው። ዩቪ ፊልተር (ሌንሱ ፊት ላይ የሚታሰር መስታወት) ካለም ጤዛው በፊልተሩና በሌንሱ መሃል ይገባል፤ ያንን ፊልተሩን ሳይፈቱ መጥረግ አይቻልም።

አንዴ ካላበ በኋላ የሚደረገው ጥቂት ነው። ሌንሱ ከቦዲው ሳይነቀል ንፋስ በሚያገኝበት ጥላ ሥር መተው፣ ሌላ የሞቀ ካሜራ ካለ በእሱ መሥራት። የፀጉር ማድረቂያ አይነካም፤ ሙቀቱ ቅባቱንና ማጣበቂያውን ይጎዳል፣ አየሩም ውኃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ፍላሹ ላይ ጠብታ ከታየ ደርቆ እስኪያልቅ ድረስ አለማብራት ነው፤ ውስጡ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) 300 ቮልት ገደማ ይይዛል።

መከላከሉ ግን ቀላል ነው፤ እንደ ባትሪ ቻርጅ ሁሉ በሥራ ዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት ባይ ነኝ። ዕቃው ኤሲ በሌለበት ክፍል ወይም ኮሪደር እንዲያድር ማድረግ ከሁሉ ይሻላል። ካልተቻለ ቦርሳው ዚፑ ተዘግቶ ከሥራው 1 ሰዓት በፊት ይወጣል፤ እስኪሞቅም አይከፈትም። ጊዜ በጣም ካጠረ ወፍራም ዚፕ ያለው ፕላስቲክ ከረጢት አለ። ካሜራው ሌንሱ እንደተገጠመለት እዚያው ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ሳለ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል፤ አየሩ ተጨምቆ ይወጣና ይዘጋል። 19 ዲግሪና 50 በመቶ እርጥበት ያለው የክፍል አየር የጤዛ ነጥቡ 8 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ ከረጢቱ ውስጥ የቀረው አየር ምንም የሚያራግፈው የለም። ጤዛው ፕላስቲኩ ላይ ከውጭ ያርፋል። ያ ሲደርቅና ፕላስቲኩ በእጅ ሲዳሰስ ቀዝቃዛ መሆኑ ሲቀር ይከፈታል።

ተቃራኒውም ያው ነው። ሌሊት 5 ዲግሪ ብርድ ላይ ሲሠራ ያመሸ ካሜራ 20 ዲግሪና 50 በመቶ እርጥበት ወዳለው ቤት ቢገባ ያልበዋል፤ የዚያ አየር የጤዛ ነጥብ 9 ዲግሪ ነው። ደንበኛው ፎቶውን ዛሬውኑ ከፈለገ ሚሞሪ ካርዱ ደጅ እንዳሉ ይወጣል፣ ከዚያ ቦርሳው ይዘጋል። ብዙ ሰው ቤት ገብቶ ካርዱን ለማውጣት ሲል ብቻ ነው ቦርሳውን የሚከፍተው።

ላብ የያዘው ዕቃ እንደረጠበ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ ካደረ ቀጥሎ የሚመጣው ሻጋታ ነው። የአየሩ እርጥበት ከ60 ወይም 70 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ ሌንሱ ውስጥ እንደ ክር የተቀጣጠሉ ቅርንጫፎች ያበቅላል፤ የሚያመነጨው አሲድ ደግሞ የመስታወቱን ሽፋን ይበላል፤ ከተበላ በኋላ ሻጋታው ቢጸዳም ምልክቱ አይለቅም። ስለዚህ ዕቃው መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ይደርቃል፤ ከዚያ ጥብቅ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ከሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ጋር ይቀመጣል። አንድ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ አብሮ ይገባና ከ40 እስከ 50 በመቶ እንዲያሳይ ይደረጋል። ብርቱካናማው ሲሊካ ጄል ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ ጠግቧል ማለት ነው፤ ከከረጢቱ ወጥቶ 120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ቢቆይ ቀለሙ ይመለሳል። ሌንሱ ሻጋታ እንዳለው ለማየት ሁለቱም ክዳኖች ተነስተው አፐርቸሩ ይከፈትና የእጅ ባትሪ ከኋላ በሰያፍ ይበራበታል። ቀጭን ክር ከታየ ያ ሌንስ ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ጥገና ይሄዳል።