ኮምቦልቻ ያለው አጎቴና የእኔ ኤክስሬይ

ሞንትሪያል ውስጥ የአውሮፕላን ዕቃ እንደምመረምር ሲሰማ ኮምቦልቻ ያለ ዘመድ ሁሉ አብራሪ አደረገኝ። የነጻ ትኬት የጠየቀኝም አለ። ነገሩ በወጉ የገባው በርና መስኮት የሚበይደው አጎቴ ብቻ ነው።

ሥራው ራሱ ብዙ ወሬ የለውም። ዕቃውን አስተካክሎ ማስቀመጥ፣ በሩን መዝጋት፣ ኤክስሬይ መልቀቅ፣ ቁጥር መመዝገብ። የማታ ተራ ከሆነ ደግሞ አነጋጋሪም የለም። አገር ቤት ስገባ አጎቴ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጬ የምውለው ወሬ ናፍቆኝ ነው።

«ላሜራን በአንድ ወገን ብቻ ከበየድከው ሲቀዘቅዝ ይጎብጣል» አለኝ። «በግድ ብታቀናውም ጉልበቱ ውስጡ ይቀራል፤ ስትቆርጠው መጋዝህን ይነክሳል።»

እኔ የምለካው ይህንኑ ነው። የአውሮፕላን ዕቃ ሲበየድ፣ ሲሞረድ፣ ሲታጠፍ ማንም ሳይጫነው ውጥረት ይዞ ይቀራል። ውጥረቱ የዕቃውን ፊት ወደየጎኑ የሚለጥጥ ከሆነ ስንጥቅ ይጋብዛል፤ የሚያጨናንቀው ከሆነ ግን ስንጥቅ እንዳይከፈት ያግዛል። ፋብሪካዎች የዕቃውን ፊት በጥቃቅን የብረት ኳሶች ሆን ብለው የሚደበድቡትም ለዚህ ነው።

«ሳትቆርጠው በምን ታውቃለህ?»

የብረት አተሞች በሥርዓት ተደርድረዋል። ኤክስሬይ ሲያርፍባቸው በተወሰነ ማዕዘን ይመለሳል፤ ውጥረቱ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ሲያጠብ ወይም ሲያሰፋ ማዕዘኑም ይለወጣል። ዊሊያም ሄንሪ ብራግና ልጁ ሎረንስ በ1915 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለሙት በዚህ መንገድ የክሪስታልን አሠራር በማጥናታቸው ነው። እኛም በተለያየ ማዘንበያ ደጋግመን ለክተን ውጥረቱን እናሰላለን።

«ወደ ውስጥስ ምን ያህል ያያል?»

ይህን ሳይጠይቁ ውጤቱን ብቻ የሚቀበሉ መሐንዲሶች አጋጥመውኛል! በተለመደው መሣሪያ ብረት ላይ የሚሊ ሜትር መቶኛ እንኳ አይሞላም። ከዚያ በታች ለመለካት ፊቱን በኤሌክትሪክና በአሲድ መሸርሸር ግድ ነው፤ ያኔ ደግሞ «ዕቃው አልተነካም» ማለት ቀረ። በኤክስሬይ ፈንታ ኒውትሮን የሚባለውን የአተም ቅንጣት ብንለቅ ሳንቲ ሜትሮችን ዘልቆ ይለካል፤ ነገር ግን የኒውክሌር ማብለያ ወይም ያን የሚያህል ትልቅ ተቋም ይፈልጋል። ካናዳ ቻልክ ሪቨር ላይ ለዚህ የምትጠቀምበት ማብለያ ነበራት፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ተዘጋ።

«ዘጉት? ከመቼ ጀምሮ የሚሠራ ነበር?»

«ከ1957 ጀምሮ፣ ጋሼ።»

«ስድሳ ዓመት ካገለገለማ አብሽር፣ ይረፍ። በል አሁን ይህን ጫፍ ያዝልኝ።»